ልጃችሁን ጥርሱን ሳያመው ውሰዱት

ብዙዎቻችን ልጃችንን ወደ ጥርስ ሐኪም የምንወስደው ጉንጩ አብጦ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ካደረ በኋላ ነው። እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ ሐኪሙን የሚያውቀው በሕመምና በመርፌ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር ይሸሻል። የጥርስ ሐኪሞች የሚመክሩት ግን የመጀመሪያው ጥርስ በበቀለ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ 1 ዓመት ሲሞላው እንዲታይ ነው።

«የወተት ጥርስ አይደል፣ መውደቁ አይቀር» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሆኖም 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ባንድ ጊዜ አይወድቁም፤ መንጋጋዎቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ የሚቆዩ ናቸው። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ቋሚው ጥርስም ቦታ አጥቶ ተጣሞ ሊበቅል ይችላል።

ለመሆኑ በዕለቱ ምን ይደረጋል? እናትና ሐኪሙ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። ሕፃኑ እናቱን እያየ በእርሷ ጭን ላይ ይሆንና ጭንቅላቱን ወደ ሐኪሙ ጭን ያጋድማል። ሐኪሙም በትንሽ መስታወት ጥርሱንና ድዱን ያያል። ነገሩ የጥቂት ደቂቃ ነው። ቢያለቅስ አትደንግጡ፤ የሚያለቅስ ልጅ አፉን ይከፍታልና።

የምትሄዱት ልጁ በልቶና ተኝቶ በነቃበት ሰዓት ይሁን። «አያምህም» አትበሉት፤ ሕመምን ያላሰበውን ልጅ ማሳሰብ ነው። «ዐርፈህ ካልተቀመጥክ ሐኪሙ ይወጋሃል» ማለትማ ከሁሉ የከፋ ነው። «ጥርስህን ይቆጥርልሃል» ማለት ይበቃል።

ውድ እናቶች! ጡጦ ሙሉ ወተት ወይም ስኳር ያለው ሻይ አፉ ውስጥ እያለ እንዲተኛ አታድርጉ፤ የፊት ጥርሶችን ቀድሞ የሚያበሰብሰው ይህ ነው። ጥርሱን ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱለት። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና እስከ 3 ዓመቱ የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመቱ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃዋል። አባቶችም ሲዋክ ስትጠቀሙ ልጆቻችሁ ይዩዋችሁ፤ ልጅ ያየውን ይሠራልና። ለጨቅላ ድድ ግን እንጨቱ ሊያቆስል ስለሚችል ብሩሹ ይሻላል።

ልጆቻችን አማና ናቸው። የሚያለቅሱበትን ቀን ሳንጠብቅ እናሳያቸው።