ታናሿ መኪና የምታስተምረው ሙያ

በድሬዳዋ ከተማ፣ በመጋላም ሆነ በገንደ ቆሬ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥርም ሆነ በደረቀው የደቻቱ አሸዋ ላይ፣ በገዛ እጁ የሠራትን መኪና በረዥም ሽቦ እየነዳ የሚሮጥ ልጅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። መኪናዋ የተሠራችው ከተጣለ ዕቃ ነው። አካሏ የሰርዲን ቆርቆሮ ወይም የዘይት ጣሳ፣ ሻንሲዋ የታጠፈ ሽቦ፣ ጎማዋ ደግሞ ያለቀ የነጠላ ጫማ ሶል ወይም የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ነው። መሪዋ ግን ይዞራል፤ መሪው ሲዞርም የፊት ጎማዎቿ አብረው ይዞራሉ። ልጁ ይህን ለመሥራት ከማንም መሐንዲስ ትምህርት አልተቀበለም። መንገድ ዳር ቆሞ ትልቁን መኪና ተመለከተ፤ ያየውንም በልቡ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰና በፒንሳ እያጠፈ አስመስሎ ሠራው።

አብዛኛው ሰው ይህን አይቶ «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፋል። በሌላው ዓለም ግን መኪናን አሳንሶ መሥራትና መቀባት ከልጅነት ተጀምሮ እስከ ሽምግልና የሚያዘልቅ፣ የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ ደንብና የራሱ ባለሙያዎች ያሉት የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ከዚህም ሥራ ታላላቅ የመኪና ነዳፊዎች ወጥተዋል። ፋብሪካ በበዛበትና የኢንዱስትሪ ፓርክ በተቋቋመበት በድሬዳዋ ይህን ጉዳይ ማንሳት ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር አለው።

የሚገጣጠም ሞዴል መኪና የሚሸጠው ተበታትኖ በሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ኮፈኑ፣ በሮቹ፣ ሞተሩ፣ ክሩስኮቱ፣ መቀመጫው፣ ፓራውልቱና ማርሚታው ሳይቀሩ በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ላይ እንደ ቅጠል ተያይዘው ይታያሉ። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው። አብሮ የሚመጣው የሥዕል መመሪያ የትኛው ክፍል ከየትኛው ቀድሞ እንደሚገጠም ያሳያል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የገጣጣሚው እጅ፣ ዓይንና ትዕግሥት ሥራ ነው።

የሥራው መሠረት ልክ ነው። ሞዴል የሚባለው እንዲያው መኪና የሚመስል ነገር አይደለም፤ የእውነተኛው መኪና እያንዳንዱ ልክ በአንድ ቁጥር ተካፍሎ የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልክ አንድ ሃያ አራተኛ ወይም አንድ ሃያ አምስተኛ ነው። ሌላው በሰፊው የታወቀው ልክ አንድ አርባ ሦስተኛ ሲሆን፣ የእርሱ ታሪክ የባቡር ከተማ ለሆነችው ለድሬዳዋ ሰው የሚጥም ነው። በእንግሊዝ አገር ፍራንክ ሆርንቢ ያቋቋመው ኩባንያ የመጫወቻ ባቡር ይሠራ ነበር። በ1930ዎቹ (በአውሮጳ አቆጣጠር) መጀመሪያ ላይ ለባቡሩ ጣቢያ ማጀቢያ እንዲሆኑ ትንንሽ መኪናዎችን ለገበያ አወጣ፤ እነዚህም በ1934 ዲንኪ ቶይስ የሚል ስም ተሰጣቸው። የመኪናዎቹ ልክ ከባቡሩ ልክ ጋር እንዲስማማ ስለ ተፈለገ አንድ አርባ ሦስተኛ የሚለው ልክ ከዚያ ተወለደ። እንግዲህ ታናሿ መኪና ወደ ዓለም የመጣችው ባቡር ተከትላ ነው ማለት ይቻላል፤ ድሬዳዋም ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲድ ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት።

ለምሳሌ ፔጆ 404ን እንውሰድ። ይህችን መኪና የሐረርና የድሬዳዋ ሰው በሚገባ ያውቃታል፤ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ዳገት ቁልቁለቱን ወጥታ ወርዳለችና። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1960 ለሽያጭ የቀረበች ሲሆን መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የተባለውን አስቸጋሪ የመኪና ውድድር በማሸነፏ ጥንካሬዋ ተመስክሮላታል። ርዝመቷ አራት ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሃያ አራት ሲካፈል 18.5 ሳንቲሜትር፣ በአርባ ሦስት ሲካፈል ደግሞ አሥር ሳንቲሜትር ያህል ትሆናለች። የፈረንሳዩ ዲንኪ ይህችን መኪና በታናሹ ልክ ሠርቶ ለልጆች ሸጧታል። ትልቋ መኪና አርጅታ ከመንገድ ስትወጣ መልኳን ጠብቃ የምትቀር ታናሿ ናት። በእጁ ፔጆ 404ን አሳንሶ የሚሠራ የድሬዳዋ ወጣት ቢገኝ፣ መጫወቻ ብቻ ሳይሆን የከተማውን ትዝታ ጭምር ሠራ ማለት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ጀማሪ ሰው የሚፈጽመው የመጀመሪያ ስሕተት ክፍሉን ከዘንጉ ላይ በጣት ጠምዝዞ መንቀል ነው። እንዲህ ሲደረግ ፕላስቲኩ ይቀደዳል ወይም ይነጣል። ትክክለኛው መንገድ በስለታም መቁረጫ ከክፍሉ ትንሽ ራቅ ብሎ መቁረጥ፣ ከዚያም የቀረውን ጉጥ በጥሩ ሞረድና በለሰለሰ የብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ነው። ማጣበቂያ ከመቀባት በፊትም ሁለቱን ክፍሎች በደረቁ አገናኝቶ መሞከር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚውለው ማጣበቂያ እንደ ተራ ሙጫ አይደለም፤ የሁለቱን ክፍሎች ፊት በጥቂቱ አሟምቶ አንድ አካል ስለሚያደርጋቸው ከብየዳ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ጊዜ ከተያያዘ በኋላ «ተሳስቻለሁ» ቢሉ መመለሻ የለውም። ትንንሾቹን ክፍሎች በጣት ለመያዝ ስለማይቻል ወረንጦ ያስፈልጋል። በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት ቢቀር የመኪና ቀለም ቀቢዎች እንደሚያደርጉት በስቱኮ ተሞልቶ ይሞረዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የቅደም ተከተል ትምህርት ነው። የውስጡ መቀመጫና ክሩስኮት አካሉ ከመዘጋቱ በፊት መቀባት አለበት፤ ከተዘጋ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። መስተዋቱ ደግሞ የውጩ ቀለም ደርቆ ካለቀ በኋላ ይገባል፤ ቀድሞ ቢገባ ቀለም ይረጭበታል። ዛሬ የሚሠራው ነገር ነገ የሚሠራውን እንዳያበላሽ አስቀድሞ ማሰብ የግድ ነው።

ቀለም መቀባቱ የሥራው ዘውድ ነው። አንድ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የቀለሙ ውፍረት አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ነው። ያንኑ ውፍረት በአንድ ሃያ አራተኛ ሞዴል ላይ ብናደርገው ግን በትልቁ መኪና ላይ ከሁለት ሚሊሜትር በላይ የሆነ ቀለም እንደ ለደፍን ይቆጠራል። በትልቁ መኪና ላይ አምስት ሚሊሜትር የሆነው የበር ክፍተትም በሞዴሉ ላይ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ወፍራም ቀለም ያፈሰሰ ሰው የበሩን መስመር ደፍኖ፣ ምልክቱን ሸፍኖ፣ ሞዴሉን ሳሙና ያስመስለዋል። ባለሙያው በመጀመሪያ ፕላስቲኩን በሳሙናና በውሃ ያጥባል፤ የእጅ ቅባት ካለ ቀለም አይይዝምና። ቀጥሎ ስስ የመሠረት ቀለም ይረጫል። ከዚያ በኋላ ዋናውን ቀለም በስሱ ይረጫል፤ ያደርቃል፤ በውሃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ እንደገና ይረጫል። አንድ ወፍራም ቀለም ከመቀባት አራት ስስ መቀባት ይሻላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የድሬዳዋ አየር ለዚህ ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ስለ ሆነች፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ይበረታል። በእንዲህ ያለ ደረቅና ሞቃት አየር የሚረጨው ቀለም ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና እንደ አቧራ ሻካራ ሆኖ ያርፋል። መፍትሔው ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ መሥራት፣ ቀለሙን በቲነር ትንሽ ማቅጠንና ወደ ሞዴሉ ቀረብ ብሎ መርጨት ነው። ከዚህ በላይ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ እንዳያርፍ፣ የተቀባውን ሞዴል ወዲያው በካርቶን ሣጥን መክደን ይገባል። ያለቀውንም ሞዴል ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ማስቀመጥ አይመከርም፤ ስሱ ፕላስቲክ በሙቀት ይጣመማል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። ቀለምና ቲነር የሚተነውም ጤናን የሚጎዳ ስለ ሆነ አየር በሚገባበት ስፍራ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ያስፈልጋል፤ ልጆች ከሆኑም አዋቂ አብሯቸው ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያስገኛል? ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ ከአሜሪካ አገር እናገኛለን። ለጄኔራል ሞተርስ የመኪና አካል የሚሠራው ፊሸር ቦዲ በ1930 (በአውሮጳ አቆጣጠር) ለወጣቶች የሞዴል ሥራ ውድድር አቋቋመ። በመጀመሪያ ተወዳዳሪዎቹ የሚሠሩት የነገሥታት ሠረገላ ሞዴል ነበር፤ ከ1937 ጀምሮ ግን የራሳቸውን መኪና ነድፈው በአንድ አሥራ ሁለተኛ ልክ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ለአሸናፊዎቹ የሚሰጠው ሽልማት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ ነበር። ውድድሩ እስከ 1968 ቆየ። በ1947 የመጀመሪያውን ሽልማት ያገኘው ቸክ ጆርዳን የተባለ ወጣት በኋላ እዚያው ጄኔራል ሞተርስ ተቀጥሮ፣ ከ1986 እስከ 1992 የኩባንያው የመኪና ንድፍ ክፍል የበላይ ኃላፊ ሆነ። ከእንጨት ታናሽ መኪና የጠረበ እጅ የታላላቆቹን መኪናዎች መልክ የሚወስን እጅ ሆነ ማለት ነው።

የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1946 በሺዙኦካ ከተማ ሲቋቋም እንጨት መሰንጠቂያ ነበር። ቀጥሎ ከእንጨት ሞዴል መሥራት ጀመረ፤ በ1960 ደግሞ ወደ ፕላስቲክ ተሻገረ። በ1970ዎቹ የፖርሽ መኪናን ሞዴል ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፣ ልኩን በትክክል ለማወቅ ሲል እውነተኛ ፖርሽ ገዝቶ እስከ መጨረሻው ፈታታው። ዛሬ ሺዙኦካ በዓለም የታወቀች የሞዴል ሠሪዎች ከተማ ናት።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ይህች ከተማ የእጅ ሙያን ከአዲስ የምትማር አይደለችም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረው አሮጌው ባቡር የሚጠገነው በዚሁ ነበር፤ በባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቶርኖ ሠራተኛውና አናጢው ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ሙያ ለብዙ ትውልድ ሠርተዋል። ዛሬ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል፤ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያው የነፃ ንግድ ቀጣና በድሬዳዋ ተመርቋል። በዘመናዊ ፋብሪካ ውስጥ ከሠራተኛው የሚፈለገው ምንድን ነው? ሥዕላዊ መመሪያ አንብቦ መረዳት፣ ልክ መጠበቅ፣ ቅደም ተከተል አለመሳት፣ ጉድለትን ዓይቶ ከማለፍ ይልቅ ማረም ነው። እነዚህም ታናሿ መኪና ከምታስተምራቸው አንድም የማይወጡ ናቸው። በአገራችን ተበታትኖ የመጣን መኪና የሚገጣጥሙ ፋብሪካዎች መኖራቸውን ስናስብ ደግሞ፣ ሞዴሉና እውነተኛው ሥራ የሚለያዩት በመጠን ብቻ እንደ ሆነ እናያለን።

የሚያሳዝነው ነገር የእኛ ልጅ የሽቦ መኪናውን ሠርቶ፣ ጥቂት ዓመታት ነድቶ፣ ጎልመስ ሲል መጣሉ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚረግጠው ደረጃ የለም። «ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ ለክተህ ሥራው» የሚለው ሰው አያገኝም። ተዘጋጅቶ የተሠራው መጫወቻ በየሱቁ በርካሽ ሲገኝ ደግሞ ሽቦ ማጠፉም ይቀራል። እጁ ያለ ሥራ ያደገ ልጅ ወደ ፋብሪካ ሲገባ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ያን ጊዜም የሚከፍለው ዋጋ የራሱ ብቻ አይሆንም።

የውጭውን ሣጥን ገዝቶ መጀመር ለሁሉ ላይመች ይችላል። ዳሩ ግን መጀመሪያው ሩቅ አይደለም። ድሬዳዋ የባጃጅ አገር ናት። የአንዲት ባጃጅ ርዝመት 2.6 ሜትር፣ ወርዷ 1.3 ሜትር፣ ቁመቷ 1.7 ሜትር ያህል ነው። በአሥር ሲካፈል 26፣ 13ና 17 ሳንቲሜትር ይሆናል። አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ተማሪዎቹን፣ ወንዶቹንም ሴቶቹንም፣ ሜትር አስይዞ አንዲት የቆመች ባጃጅ ቢያስለካቸው፣ የለኩትን በወረቀት ላይ ቢያስነድፋቸው፣ ከዚያም ከሽቦና ከቆርቆሮ፣ ከካርቶንና ከተጣለ ፕላስቲክ አሠርቶ በስስ ቀለም ቢያስቀባቸው፣ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ፋብሪካዎቹም በዓመት አንድ ጊዜ ሥራቸውን መርምረው ለተሻለው የሙያ ሥልጠና ዕድል ቢሰጡ፣ ነገ የሚቀጥሩትን ሠራተኛ ዛሬ ማሳደጋቸው ነው።

ወላጆችም ቢሆኑ ልጃቸው ሽቦ ሲያጣምም፣ ቆርቆሮ ሲቆርጥ ቢያገኙት እጁን እንዳይቆርጥ ያስጠንቅቁት እንጂ ሥራውን አያስጥሉት። ከጎኑ ተቀምጠው «ጎማዎቹ እኩል ናቸው ወይ? ለክተሃቸዋል?» ብለው ቢጠይቁት ይበቃል። ልጁ ማስመሪያ ፍለጋ ከተነሣ ሙያው ተጀምሯል።