«ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል»፡ የሕጻናት የእድገት መዘግየት እና በእናቶች ላይ የወደቀው ሸክም

በበርካታ የምሥራቅ አፍሪካ ቤቶች አንድ ሕጻን እንደ እኩዮቹ መቀመጥ ሲሳነው እናቱ በመጀመሪያ የምትሰማው ማጽናኛ ነው፤ «ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል»። ወራት ሲያልፉ ግን ማጽናኛው ወደ ወቀሳ ይለወጣል። «እርግማን ነው» የሚልም አይጠፋም። በዚህ መካከል የሚባክነው ጊዜ ለሕጻኑ እጅግ ውድ ነው።

'ላንሴት ግሎባል ሄልዝ' በአውሮፓውያኑ 2018 ያሳተመው ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በ2016 በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ 52.9 ሚሊዮን ሕጻናት ከእድገት ጋር የተያያዘ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ነበረባቸው። ከእነዚህ 95 በመቶው የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

በወሊድ ወቅት የሚያጋጥም የኦክስጅን እጥረት፣ ያለጊዜ መወለድ፣ በጊዜ ያልታከመ የጨቅላ ሕጻናት ቢጫነት እና ማጅራት ገትር ከዋና ዋናዎቹ መካከል ናቸው። እንደ ዳውን ሲንድረም ያሉ ከውልደት በፊት የሚከሰቱ የዘረ መል ለውጦችም አሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንደሚያሳየው፣ ጤናማ ሕጻናት ከሞላ ጎደል ሁሉም በዘጠኝ ወር ገደማ ያለ ድጋፍ ይቀመጣሉ፤ በ18 ወር ገደማ ደግሞ ብቻቸውን ይራመዳሉ። ከዚህ የዘገየ፣ ሰውነቱ እጅግ የላላ ወይም የገተረ፣ ለድምፅ ምላሽ የማይሰጥ፣ አልያም የቻለውን ነገር መልሶ ያጣ ሕጻን ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕጻናት ዕድሜው የሚሰላው ሊወለዱ ይገባ ከነበረበት ቀን አንስቶ ነው።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ስለሚያድግ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ትልቅ ድርሻ አለው። ለመዋጥ የሚቸገርን ሕጻን በጀርባው አስተኝቶ መመገብ ምግቡ ወደ ሳንባው እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ጭንቅላቱን ደግፎ፣ ቀና አድርጎ፣ በጥቂት በጥቂቱ መመገብ ይመከራል። ሲታጠብና ሲለብስ ማነጋገር፣ ማጫወትና ምላሹን በትዕግሥት መጠበቅም ይረዳዋል።

በኡጋንዳና በሩዋንዳ የተሞከረው 'ቤቢ ኡቡንቱ' የተሰኘ መርኃ ግብር እነዚህን ክህሎቶች ለወላጆች በቡድን ያስተምራል። አሠልጣኞቹ የጤና ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም፤ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችም ናቸው።

ሁሉም ሕጻን እኩዮቹ ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም። ይሁንና በወጉ መመገብ፣ መግባባት እና ከቤተሰቡ ጋር መዋል ራሳቸውን የቻሉ ውጤቶች ናቸው። ይህን ለማድረግ ደግሞ አባት፣ አያትና ጎረቤት ሸክሙን ከእናትየዋ ጋር ሊካፈሉ ይገባል።