ዉ ዌይ እና የዱመርሶ ጓሮ፦ የታኦይዝም ጥናት ጀማሪና የንጽጽር ፈተናው

ታኦይዝምን ማጥናት የጀመረ ኢትዮጵያዊ ተማሪን መጀመሪያ የሚያስቸግረው ከሐሳቡ ይልቅ ቃሉ ነው። ጽሑፎቹ በአብዛኛው ከጥንታዊ ቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሰው፣ ከዚያም በአማርኛ ታስበው ይደርሱታል። «ታኦ» ብዙውን ጊዜ «መንገድ» ይባላል፤ ነገር ግን ያው ፊደል «መናገር» የሚል ፍቺም ስላለው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 የታተመው የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል መክፈቻ ያለውን «ቃል» በ«ታኦ» ተርጉሞታል። («ታኦ» እና «ዳኦ» አንድ ቃል መሆናቸውን፣ የሚለያዩትም በአጻጻፍ ሥርዓት ብቻ መሆኑን ጀማሪው ቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል።)

ከዚህ የከፋው «ዉ ዌይ» ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «አለማድረግ» ይሆናል፤ በአማርኛ ግን ሥራ አለመሥራት ነቀፌታ እንጂ ጥበብ አይደለም። ስለዚህ ጀማሪው ወይ ጽንሰ ሐሳቡን የስንፍና ስብከት አድርጎ ይተወዋል፣ ወይም የሚያስረዳለትን ምሳሌ በቅርቡ ይፈልጋል። በዲላ አካባቢ ለሚማር ሰው ምሳሌው ሩቅ አይመስልም። በይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኘውን፣ በቡናዋ የታወቀችውን ዱመርሶን ያየ እንግዳ፣ የቆመበት ቦታ ደን ይሁን ማሳ ለመለየት ይቸገራል። ከላይ ረጃጅም ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጎመንና ሌላ አትክልት ይታያል። «ተፈጥሮን እንደ ፈቃዷ የተወ ሕዝብ ይኸው፤ ይህ ዉ ዌይ ነው» የሚለው ድምዳሜ ወዲያው ይመጣል። ድምዳሜው ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ጌዴኦንም ታኦይዝምንም ይበድላል።

ከጌዴኦ ወገን እንጀምር። በዚያ ጓሮ ውስጥ እንዲሁ የተተወ ነገር ጥቂት ነው። ገበሬው የእንሰቱን ሐምቾ ቆርጦ፣ የማደጊያ እምብርቱን አውጥቶ በአፈር ይሸፍነዋል፤ ከአንዱ ሐምቾ ብዙ ችግኝ ይፈልቃል። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ለዓመታት ያድጋል፤ ከዚያም በሴቶች እጅ ተፍቆና በጉድጓድ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። ዛፉም ቢሆን ለጥላው፣ ለቅጠሉና ለእንጨቱ ታስቦ የቆመ ነው። ታደሰ ኪጴ ካንሼ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ስለ አምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት የሚናገር ሆኖ የሚያበቃው በጥያቄ ምልክት ነው፤ የሚጠቅሱት ሰዎች ምልክቷን ባይዘነጉ መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም የሰው ድካም፣ የባሌ ሥርዓትና የሶንጎ ሸንጎ አብረው ያቆዩት መልክዓ ምድር ነው።

በቻይና ወገንም «አለማድረግ» ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። አምስት ሺህ ገደማ ፊደላት ያሉት የላኦ ዙ መጽሐፍ ቃሉን አዘውትሮ የሚያቀርበው ለገዥ ነው፤ ትእዛዝና ግብር እያበዛ ሕዝቡን የሚያውክ መንግሥት የሚገሠጽበት ቃል ነው። መጽሐፉን በ81 ምዕራፎች እየከፈለ የሚጠቅስ ተማሪም ክፍፍሉ ኋላ የመጣ መሆኑን ማወቅ አለበት፦ እ.ኤ.አ. በ1973 በማዋንግዱይ የተገኙት የሐር ቅጂዎች የኋለኛውን ክፍል አስቀድመው ይጽፋሉ፤ በ1993 በጉኦዲያን የተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 300 ዓመት የሚጠጉት የቀርከሃ ጽሑፎች ደግሞ ከመጽሐፉ ከፊሉን ብቻ ይዘዋል። በዡዋንግ ዙ ሦስተኛ ምዕራፍ የምናገኘው በሬ በላች ቢላዋው ለ19 ዓመት ሳይደንዝ የኖረው በመገጣጠሚያዎች መካከል ባለው ክፍተት ስለሚያሳልፈው ነው፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ፣ ዓይኑን አተኩሮ፣ እጁን ያዘገያል። ይህ የብዙ ዘመን ልምምድ ፍሬ ነው።

ንጽጽሩ የሚሠራበት ነጥብ ካለ እዚህ ላይ ነው፤ ዱመርሶም ከጓሮው ይልቅ በቡና እጥበት ጣቢያ የተሻለ ምሳሌ ትሰጣለች። ልጣጩ የተገፈፈ እሸት ቡና በገንዳ ውስጥ ሲብላላ ሠራተኛው ሂደቱን ማስገደድ አይችልም፤ ትቶት መሄድም አይችልም። ፍሬውን በእጁ እያሸ፣ የሚያዳልጠው ሙጫ ለቅቆ ፍሬው ሲሻክር ሰዓቱ መድረሱን ያውቃል። ቢቸኩል ሙጫው አይለቅም፤ ቢዘገይ ጣዕሙ ይበላሻል። «ዉ ዌይ»ን «ሳያስገድዱ ማድረግ» ብሎ መተርጎም «አለማድረግ» ከሚለው ይልቅ ወደ ዡዋንግ ዙ የሚቀርበው ስለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን የቡና ሠራተኛው ታኦይስት ነው ማለት አይደለም። መመሳሰል መወራረስን አያስረዳም፤ ጽሑፍም ተግባርን በራሱ አያስረዳም። ጂኦግራፈሩ ዪ ፉ ቱዋን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ ተፈጥሮን የሚያወድስ ሥነ ጽሑፍ ያላት ቻይና ደኖቿን ምን ያህል እንዳራቆተች አመልክቷል፤ ማርክ ኤልቪንም በ2004 ባሳተመው የቻይና የአካባቢ ታሪክ ይህንኑ በስፋት አሳይቷል። በጌዴኦ የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ዕውቀቱ የተላለፈው በመጽሐፍ ሳይሆን በቃልና በእጅ ሲሆን ዛፉ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። «የኢትዮጵያ ታኦይዝም» የሚለው ስያሜ ይህን ልዩነት ይሸፍናል፤ ከሁሉ በላይ የጌዴኦን አስተሳሰብ ሌላ አገር ለተጻፈ ንድፈ ሐሳብ ምሳሌ ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል።

ከአገር ውስጥ የትምህርት ወግ ጀማሪውን የሚረዳው የአንድምታ ልማድ ነው። የአንድምታ ተማሪ መጀመሪያ ንባቡን ያጠናል፤ ከዚያ አንዱን ቃል በ«አንድም» እየፈታ የተለያዩትን ትርጓሜዎች ጎን ለጎን ያቆማል፤ አንዱን ለማጽናት ሌላውን አይሰርዝም። ላኦ ዙም በቻይና የተነበበው ከነማብራሪያው ነው፤ በ249 ያረፈው ዋንግ ቢ የጻፈው ከታወቁት አንዱ ነው። «ዉ ዌይ»ን በዚህ ልማድ የሚያነብ ተማሪ የገዥውን ፍቺና የበሬ በላቹን ፍቺ ሳያቀላቅል ይይዛል። ሦስተኛ «አንድም» ከዱመርሶ ለመጨመር የሚሻ ከሆነ ግን ቻይንኛውን ቃል ይዞ ወደ ሽማግሌዎች ከመሄዱ በፊት፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደሚዛወር፣ መቼ እንደሚጠበቅ የሚናገሩባቸውን ቃላት በራሳቸው በጌዴኡፋ መመዝገብ ይኖርበታል።