ዝርዝሩን ማን ሞላው?

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር በአርባ ምንጭና በዙሪያዋ የሚነሣ ሙግት አለ። ቀበሌው «ለአቅመ ደካሞች ድጋፍ ተደርጓል» ይላል፤ ሠፈሩ ደግሞ «እገሊት ቤት መቼ ደረሰ?» ይላል። ጥፋቱ አንዴ በእህሉ ማነስ፣ አንዴ በአድልዎ ይመካኛል። ሁለቱም አለ። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም አንድ ነገር ችላ ተብሏል ባይ ነኝ፦ የደካማውን ስም ድጋፉን ለሚያከፋፍለው በጎ ፈቃደኛ የሚያደርሰው ማን ነው?

ሕመም መንገድ አለው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል፤ ማኅተምም ያርፍበታል። ችጋር ግን ማኅተም የለውም። ታማሚዋ መድኃኒቷን ይዛ ስትመለስ ውኃ የሚቀዳላት፣ እሳት የሚያነድላት እንደሌለ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብታውቅ እንኳ ለማን ትጽፋለች? ሪፈር የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ወደ ጎን፣ ወደ ጎረቤትና ወደ ወጣቱ፣ የሚሄደው በአፍ ነው። አፍ የሚገናኘው ደግሞ ቡና ላይ፣ እድር ላይ፣ ገበያ ላይ፣ በጋሞ ደጋ ከሆነም የአገሬው ሸንጎ በሆነው ዱቡሻ ላይ ነው። «እገሌ ሦስት ቀን አልታየም» የሚባለው እዚያ ነው።

በ2012 የሆነው ይህ ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገሪቱ የተገኘው መጋቢት 4 ሲሆን፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ አራትና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። በበሽታው በኩል ካየነው ክልከላው ልክ ነበር፣ አልሟገትበትም። ነገር ግን ቡናውም እድሩም ዱቡሻውም አብረው ቀሩ፤ የአፉ ሪፈር ተቆረጠ። «ማዕድ ማጋራት» የተባለው ዘመቻ የተጧጧፈው በዚያው ሰሞን ነው። ዘይትና ዱቄት ተሸክሞ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆነ ወጣት አልጠፋም። የየትኛውን ቤት በር እንደሚያንኳኳ የሚነግረው ግን ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ዝርዝር ነበር። የኮሮናው ነጻ ስልክ 8335ም ስለ ሳልና ትኩሳት የሚደወልበት እንጂ «ጎረቤቴ ጦሟን አደረች» የሚባልበት አልነበረም።

ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ዝርዝር የሚያውቀውን ይደግማል። በሴፍቲኔት የታቀፈ፣ አምና ክረምት ቤቱ የታደሰለት ሰው ስሙ ቀድሞ ይገባል። እነሱ ችግረኛ አይደሉም አልልም። የሚቀረው ግን ማን ነው? ከጨንቻና ከዶርዜ ልጆቹ ለሽመና ሽሮ ሜዳ የወረዱበትን ሽማግሌ አስቡ። ወረቀቱ ላይ «ልጆች አሉት»፣ ስለዚህ ጧሪ አለው። ልጁ ግን አዲስ አበባ ላይ ጥለት ይዞ ገዢ ያጣ ነው። እግሩ ያበጠበትንም ሰው አስቡ። በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘ የሚገመተው የእግር ዝሆኔ ከቀይ አፈር ጋር በባዶ እግር በመገናኘት የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ይጋባል ብሎ ይሸሻል፣ ባለቤቱም ከሰው ይደበቃል። በዚያ ላይ ዘይት ተቀብሎ ፎቶ መነሣት አለ። ከዚህስ መራብ ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

የቡናውን መንገድ ሳሞግስ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በጋሞ ደጋ ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎች ለረጅም ዘመን በዱቡሻ እንደሌላው እኩል አልተቀመጡም፤ በጋብቻም ተለይተው ኖረዋል። ሕጉ ዛሬ አይለያቸውም። ስኒው ግን ከሕጉ ኋላ ነው የሚራመደው። አብሮ ቡና ያልጠጣ ሰው መታመሙን ማን ይናገርለታል? እንግዲህ ዝርዝሩም አፉም የሚስቱት አንድን ሰው ነው ማለት ነው።

ኮሮና አለፈ ተብሎ ነገሩ አልተዘጋም። በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። ጋሞ ላይ ከደጋ ወርዶ ቆላ የሙዝ እርሻ ላይ የሚውለውን ሠራተኛ ወባ ያገኘዋል። የወባው መድኃኒት ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን ይዋጣል፤ በደንብ የሚሠራውም ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ለብቻው በኪራይ ክፍል የተኛ ሰው ክኒኑ በእጁ አለ፤ ምግቡን የሚያመጣለት ግን የለም። እንዲህ ያለ ሰው ቢሞት የሚመዘገበው ወባ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለባለ ስልጣን ሳይሆን መድኃኒት ለምትሰጡ ነው። ክኒኑን ስትቆጥሩ «ቤት ማን አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የምትጽፉበት ቅጽ ከሌለ በካርዱ ጀርባ ጻፉት።