ከቫልቩ በላይ ያሉት ሁለት ቧንቧዎች

በአገራችን የልብ ቫልቭ ሕመም ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣው ነው። ሌላም አለ፤ ከእርጅና ጋር የሚመጣ። ከልብ ወደ መላ ሰውነት ደም የሚወጣበት በር፣ የአኦርታ ቫልቭ፣ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ካልሲየም እየተጋገረበት ይደድራል፤ መከፈት ያቅተዋል። ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ደረቱን ይጨምቀዋል፤ አንዳንዴም ራሱን ስቶ ይወድቃል።

ለብዙ ዘመን መፍትሔው ደረት ከፍቶ ቫልቩን መቀየር ነበር። ፈረንሳዊው የልብ ሐኪም አለን ክሪቢየር ግን ኤፕሪል 16 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. በሩዋን ከተማ፣ ቀዶ ሐኪሞች አይቻልም ብለው ለተዉት የ57 ዓመት በሽተኛ፣ በብሽሽቱ በኩል ባስገቡት ካቴተር፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ፣ አዲስ ቫልቭ ተከሉለት።

አሠራሩ ቀረብ ብሎ ላየው ይደንቃል። ቫልቩ ከከብት ወይም ከአሳማ የልብ ሽፋን ተቆርጦ በብረት መረብ ላይ የተሰፋ ነው፤ ሲጨመቅ የእርሳስ ያህል ይቀጥናል። በፊኛ የሚከፈተው ዓይነት ሲተከል ልብ በኤሌክትሪክ እየተነዳ በደቂቃ 180 ጊዜና ከዚያ በላይ እንዲመታ ይደረጋል። ያን ያህል ሲፈጥን ደም መርጨቱን ሊያቆም ምንም አይቀረው። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ፊኛው ይነፋል፤ መረቡ ይዘረጋል፤ አሮጌው ቫልቭ ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል። ብዙዎቹ ታካሚዎች ሙሉ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልጋቸውም።

ጥያቄው የሚነሣው ከቫልቩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ልብን ራሱን የሚመግቡት ኮሮናሪ ቧንቧዎች ከአኦርታ የሚነሡት እዚያው ነው። ቫልቩን ያደደረው ዕድሜ እነሱንም አይምራቸውም፤ ለዚህ ሕክምና ከሚቀርቡት ግማሽ ያህሉ ቧንቧቸውም ጠቧል። ደረት ሲከፈት ቀዶ ሐኪሙ በዚያው ለደሙ ሌላ መንገድ ያበጅለታል። በካቴተር ሲሆንስ? ቧንቧው በስቴንት፣ ማለትም ከፍቶ በሚይዘው ትንሽ የብረት ቱቦ፣ ይከፈት ወይስ በመድኃኒት ይያዝ?

በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመው፣ 235 ሰዎችን በያዘው የአክቲቬሽን ጥናት፣ አስቀድሞ ስቴንት ማስገባቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሞትም ሆነ ሆስፒታል ተመልሶ በመተኛት ልዩነት አላሳየም፤ የደም መፍሰስን ግን አበዛ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖሽን 3 የተለየ ነገር ይዞ መጣ። በሰሜን አውሮፓ 455 ሰዎችን ሲያጠና ክፉኛ የጠበቡትን ቧንቧዎች ብቻ መረጠ፤ ይኸውም በግፊት መለኪያ ሽቦ ደም በትክክል እንደማያልፍባቸው የታወቁትን ወይም 90 በመቶና ከዚያ በላይ የተዘጉትን ነው። በሁለት ዓመት ገደማ ሞት፣ የልብ ጥቃት ወይም አስቸኳይ የቧንቧ ሕክምና የገጠማቸው፣ ስቴንት ከገባላቸው 26 በመቶ፣ ካልገባላቸው 36 በመቶ ሆኑ። ጥቅሙ በዋናነት የመጣው የልብ ጥቃትና አስቸኳይ ሕክምና በመቀነሳቸው ነው። በአንጻሩ ደም የፈሰሳቸው 28 እና 20 በመቶ ነበሩ፤ ስቴንት ያለው ሰው የደም ማቅጠኛ ይወስዳልና።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የአዲሱ ቫልቭ መረብ ነው። አንዳንዱ ረጅም ስለሆነ የቧንቧዎቹን አፍ ይጋርዳል፤ በኋላ የልብ ጥቃት ቢመጣ ሐኪሙ በመረቡ ቀዳዳዎች መካከል ሽቦ ማሾለክ ይኖርበታል። ስለዚህ ስለ ቧንቧው የሚመከረው ቫልቩ ከመተከሉ በፊት መሆን አለበት።

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያላችሁ፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ለዚህ ሕክምና ቀጠሮ ከተያዘላቸው፣ ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁልኝ፦ የትኛው ቧንቧ ነው የጠበበው? ምን ያህል? ደም የመፍሰስ አደጋቸውስ እንዴት ነው?