የፑኧር ሻይ፦ የአሮጌ ዛፍ ቅጠል በምን ይታወቃል?

በየቤታችን ጧትና ማታ የምንጠጣው ሻይ ስሙ ሳይቀር ከቻይና የመጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ቻይናውያን «ቻ» አሉት፤ ፋርሶች «ቻይ»፣ ዐረቦች ደግሞ «ሻይ» ብለው ጠሩት፤ ቃሉም እኛ ዘንድ ደረሰ። ዛሬ የምናነሳው ግን በስኳር የምንጠጣውን ሻይ አይደለም። እንደ ዳቦ ተድቦልቡሎ ስለሚሸጠውና በዋጋው ብዙዎች ስለሚታለሉበት የፑኧር ሻይ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ለንግድ ወደ ጓንጆ የሚመላለስ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ክብ ሻይ ይዞልኝ መጣና «ኡስታዝ፣ ሻጩ የ300 ዓመት ዛፍ ቅጠል ነው ብሎኛል። አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ ሲቆይ ዋጋው እጥፍ ይሆናል አለኝ። ያጠራቀምኳትን አውጥቼ መቶ ልግዛ ወይ?» አለኝ። እኔን መጠየቁ ለትምህርት ዩናን በቆየሁበት ጊዜ ይህን ሻይ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተቀምጬ መቅመሴን ስለሚያውቅ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት አብረን እንድንቀምሰው ነገርኩት።

ፑኧር ምን ዓይነት ሻይ ነው?

ዩናን ከበርማ፣ ከላኦስና ከቬትናም ጋር የሚዋሰን የደቡብ ምዕራብ ቻይና ክፍለ ሀገር ነው። ቅጠሉ ሰፊ የሆነው የሻይ ዝርያ የሚበቅለው በዚያ ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ ትንሽ ከጠወለገ በኋላ በጋለ ብረት ድስት ይታመሳል፤ ከዚያ ይታሻል፤ በፀሐይም ይደርቃል። በመጨረሻ በእንፋሎት ለስልሶ ይጠፈጠፋል። የተለመደው ክብ 357 ግራም ሲመዝን፣ ሰባቱ በአንድ ላይ ይጠቀለላሉ። ይህ «ሸንግ» ማለትም ጥሬው ነው። «ሾው» የሚባለው ብስል ግን ቅጠሉ ተከምሮና ውሃ ተርከፍክፎበት እንዲብላላ የሚደረግ ሲሆን፣ ዘዴው የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። ጥሬው አዲስ ሳለ ይመራል፤ በደንብ ከተቀመጠ ግን በዓመታት ውስጥ እየለሰለሰ ይሄዳል።

በዩናን የሻይ ንግድ ታሪክ ውስጥ ሙስሊሞችም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ከቡኻራ የመጣው ሰይድ አጀል ሸምሱዲን ከ1274 እስከ 1279 አገሩን ካስተዳደረ ወዲህ ሙስሊሞች በዚያ በርክተዋል። ሁይ የሚባሉት እነዚህ ሙስሊሞች በበቅሎ ሲራራ ንግድ የታወቁ ነበሩ፤ ሻይም ከጭነቶቻቸው አንዱ ነበር።

የዋጋው ምስጢር

በእርሻ ላይ በረድፍ ተጠጋግቶ የሚተከለውና በየጊዜው የሚከረከመው ሻይ ብዙ ቅጠል ስለሚሰጥ ዋጋው ርካሽ ነው። ሥሩን ወደ ታች የሰደደው፣ በጫካ ውስጥ ተራርቆ የቆመው አሮጌ ዛፍ ግን የሚሰጠው ጥቂት ነው። በገበያ «ጉሹ» የሚባለው ይህ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ለማለት ነው። እንደ ላኦ ባንጃንግና ቢንግዳኦ ያሉ መንደሮች ስም ብቻውን ዋጋ ያንራል። በ2023 ዩኔስኮ የጂንግማይ ተራራን ጥንታዊ የሻይ ጫካዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ታዲያ ፈላጊው ብዙ፣ ቅጠሉ ጥቂት ሲሆን ምን ይከተላል? ከሌላ ቦታ የተለቀመው በታወቀው መንደር ስም ይሸጣል፤ የወጣቱ ዛፍ ቅጠል ከአሮጌው ይደባለቃል። «ዋጋው ይጨምራል» እየተባለ የተከማቸው ሻይም በ2007 ገበያው ሲወድቅ ብዙዎችን አክስሯል።

እንዴት ይቀመሳል?

ከ5 እስከ 7 ግራም ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። በክዳን ባለው ሲኒ ውስጥ የፈላ ውሃ አፍስሰን የመጀመሪያውን ለቅልቀን ደፋነው። ከዚያ እያንዳንዱን ዙር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ አቆይተን ቀዳን። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከቆላው ትንሽ ማስረዘም ያስፈልጋል። ስኳር አይገባም። አዲሱ ጥሬ ሻይ ኃይለኛ ስለሆነ በባዶ ሆድ መጠጣት አይመከርም።

ለማነጻጸር ቤቴ የነበረውን ርካሽ የእርሻ ሻይ አጠገቡ አፈላን። የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ መራራነቱ። መምረሩ ነውር አይደለም። ጥሩው ቶሎ ለቅቆ በምላስና በጉሮሮ ላይ ጣፋጭነት ይተካል። ምላስ ላይ ተጣብቆ አፍን የሚያደርቅ ከሆነ ግን ጉድለት ነው።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱ። ሻዩ አፍ ውስጥ ይሞላል ወይስ እንደ ውሃ ይቀጥናል?

ሦስተኛ፣ ጽናቱ። ጥሩ የአሮጌ ዛፍ ቅጠል ከአሥር ዙር በላይ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ሽታው። የጭስ ሽታ ከበዛበት በማመሱ ላይ ጥንቃቄ ጎድሏል።

አምስተኛ፣ ጭላጩ። የተፈላውን ቅጠል ዘርግቶ ማየት ነው። ቅጠሉ ሙሉ ነው? ሲያሹት ይለጠጣል ወይስ ይፈረፈራል?

የተማሪዬ ሻይ በመጀመሪያው ዙር ሽታው አወደን። በአምስተኛው ቀጠነ፤ ምሬቱ ግን ምላሳችን ላይ ቀረ። በስድስተኛው ከርካሹ ሻይ መለየት አቃተን። ክቡን ስንሰብረው ላዩ ላይ የተደረደሩት ነጫጭ እምቡጦች ነበሩ፤ ውስጡ ግን ሻካራና የተሰባበረ ቅጠል ነበር።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ያማረውን ቅጠል ከላይ ማድረግ የቆየ የአሠራር ልማድ ነው፤ ገዢው እያወቀ ከገዛ ማታለል አይሆንም። የዛፍ ዕድሜንም ማንም ቀማሽ በምላሱ ቆጥሮ ሊናገር አይችልም። ቀማሽ የሚፈርደው በሲኒው ውስጥ ባለው ነገር ነው። ይህ ሻይ የሚጠጣ ነው፤ በተጠየቀበት ዋጋ ግን የሚገዛ አይደለም።

«ቢቆይስ?» አለኝ።

«ደካማ ቅጠል ቢቆይ ያረጃል እንጂ አይጎለብትም» አልኩት። «ደግሞም ሻዩ የሚበስለው ሞቅና ረጠብ ባለ አየር ነው። ከፍታ ላይ ባለችው በኩንሚንግ እንኳ ከጓንጆ ይልቅ ይዘገያል። እኛ ደጋ ላይ ነን። ሽታ ስለሚስብም ከበርበሬና ከቡና ጋር አንድ ቤት ከከረመ ያበቃለታል። በዚያ ላይ ከአሥር ዓመት በኋላ መቶውን እዚህ አገር ማን ይገዛሃል?»

ዝም አለ። ገንዘቡ የጋብቻው ወጪ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የነገረኝ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥቡን ባገኙ ጊዜ ነጋዴው ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው መጠየቃቸውን አስታወስኩት። ትምህርቱ ለሻጭ ብቻ አይደለም፤ ገዢም እጁን ወደ ክምሩ ውስጥ ይስደድ። በስም፣ በማሸጊያና በተነገረ ዕድሜ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ትንሽ ገዝቶ መቅመስ፣ ከሌላ ጋር ማነጻጸር፣ ለጣዕሙም ልክ ያህል ብቻ መክፈል ይገባል።

ተማሪዬ መቶውን ተወው። የተረፈውን ክብ እኔው ዘንድ ትቶልኝ ሄደ፤ እንግዳ ሲመጣ እናፈላዋለን።

ወላሁ አዕለም።