እጅ ሲመሰክር፦ የመከላከል ቁስል ምን ይነግረናል?

ኳስ በድንገት ወደ ፊታችሁ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ገና ሳታስቡት እጃችሁ ከፍ ይላል አይደል? ሰው ጥቃት ሲደርስበትም እንዲሁ ነው። ራሱን ሲከላከል እጁና ክንዱ ላይ የሚያርፈው ጉዳት በፎረንሲክ ሕክምና «የመከላከል ቁስል» ይባላል።

አስከሬን የሚመረምረው ሐኪም እጆቹን በተለየ ጥንቃቄ ያያል። ሟቹ ስለቱን ለመያዝ ሞክሮ ከነበረ መዳፉና የጣቶቹ ውስጠኛ ክፍል ይቆረጣል። ክንዱን እንደ ጋሻ አንስቶ ከነበረ ግን ቁስሉ አይበሉባው ላይና በትንሿ ጣት በኩል ባለው የክንዱ ጎን ይገኛል። መሣሪያው ዱላ ከሆነስ? በዚያው ጎን ያለው አጥንት ሊሰበር ይችላል። እኔ ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ነገሩ የሚታየኝ እንደ ጣውላ ነው፦ ሁለት ጫፉ ተይዞ መሃሉ ላይ ሲመታ መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ኃይሉ ሲበዛበት ይሰበራል።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች፣ በጣሊያንና በኦስትሪያ ድንበር አጠገብ፣ ከ5,000 ዓመት በላይ በበረዶ ውስጥ የቆየ የሰው አስከሬን ተገኘ። ኦትዚ ተባለ። ቀኝ እጁ ላይ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ ጥልቅ ቁርጥ አለ። ተመራማሪዎች ይህን የመከላከል ቁስል ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። የሚገርመው ግን ቁስሉ መዳን ጀምሮ ነበር። የሞተ ሰው ቁስል አይድንም፤ ስለዚህ ኦትዚ የተቆረጠው ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ገደለው? በ2001 በራጅ ሲታይ ግራ ትከሻው ውስጥ ከድንጋይ የተሠራ የፍላጻ ጫፍ ተገኘ። የተወረወረበት ደግሞ ከኋላው ነው። ላላየው ፍላጻ እጁን እንዴት ያነሳል?

ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። የመከላከል ቁስል ካለ ሰውየው ጥቃቱ ሲመጣ ነቅቶ እንደነበርና እጁን ማንቀሳቀስ ይችል እንደነበር ይጠቁማል። ከሌለ ግን «አልታገለም» ማለት አይቻልም። ተኝቶ፣ ራሱን ስቶ፣ ታስሮ ወይም ከኋላ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ አንድ ተጠቂ ስትሰሙ «ለምን ራሱን አልተከላከለም?» ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ምናልባት ጊዜውን እንኳ አላገኘም።